ያልተጻፈ ችግር፦ የኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ያገኘች፣ ያጣችና ያስመለሰች የአንዲት ተማሪ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

ይህ ጽሑፍ አሜሪካ የሚኖር የአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የበኩር ልጅ ለኮሌጅ ትምህርቷ የፌዴራል መንግሥትን የገንዘብ ድጋፍ ለማግኘት፣ ካገኘች በኋላ ላለማጣት፣ ካጣች በኋላም ለማስመለስ ያለፈችበትን የሁለት ዓመት ሂደት ይመዘግባል። ጉዳዩን የማውቀው በማኅበረሰብ ማዕከላችን ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጽ በመሙላትና ደብዳቤ በመተርጎም በበጎ ፈቃድ ስለማገለግል ነው። ጽሑፉ በቤተሰቡ ፈቃድ የተዘጋጀ ሲሆን የሰዎቹን ስም፣ ኮሌጁንና የሚኖሩበትን ከተማ ሆን ብዬ ትቻለሁ። ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባለፉት ዓመታት ብዙ ማመልከቻዎችን አይቻለሁ። ይህኛውን ለመጻፍ የመረጥኩት ልጅቷ ሁለት ጊዜ ልትወድቅ የደረሰችው ሕጉ ስለማይፈቅድላት እንዳልነበረ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ሕጉ ሁለቱንም ጊዜ መውጫ ነበረው። ቤተሰቡ ግን የተጠየቀውን ብቻ መልሶ ያልተጠየቀውን በገመናነት ሸሸገ፤ መውጫው ደግሞ የሚከፈተው ላልተጠየቀው ነገር ነበር።

ቤተሰቡ

አባት፣ እናት፣ ልጅቷና ታናሽ ወንድሟ በ2018 በዲቪ ነው የመጡት፤ አራቱም የግሪን ካርድ ባለቤቶች ስለሆኑ የፌዴራል ድጋፍ ለመጠየቅ በዜግነት በኩል የሚያግዳቸው ነገር አልነበረም። አባት በራሳቸው መኪና በስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪ ይጭኑ ነበር። እናት በሥራ ቀናት በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በሌላ ቦታ የነርስ ረዳት ሆነው ይሠሩ ነበር። በ2022 የታክስ ቅጻቸው ላይ የሰፈረው የሁለቱ ድምር ገቢ 95,000 ዶላር አካባቢ ነበር።

በሴፕቴምበር 2023 አባት በወገብ ዲስክ ሕመም ምክንያት መቀመጥ እንኳ ስላቃታቸው መኪናውን አቆሙ። እናት እሳቸውን ለማስታመም የቅዳሜና እሁዱን ሥራ ተዉ። ከዚያ በኋላ ቤቱ የሚተዳደረው በእናት አንድ ደመወዝ ሲሆን፣ ይህም በዓመት 39,000 ዶላር ያህል ነበር። ይህን ለቅርብ ዘመድ እንኳ አልተናገሩም። አባት «ቤቱን መምራት አቃተው» እንዳይባሉ ይሰጉ ነበር፤ እናትም ያንን ስጋት ያከብሩላቸው ነበር።

የመጀመሪያው ማመልከቻ

በፋፍሳ ስም የሚታወቀው የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ በነጻ የሚሞላ ቅጽ ነው። በእሱ በኩል የሚገኘው ዋናው የማይመለስ ገንዘብ በሮድ አይላንዱ ሴናተር በክሌይቦርን ፔል ስም የተሰየመው ፔል ግራንት ሲሆን፣ ጣሪያው ለ2024–25 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነበር። ልጅቷ ያመለከተችበት ዓመት ቅጹ በአዲስ መልክ የተዘጋጀበት ዓመት ስለነበር፣ በኦክቶበር መጀመሪያ ይከፈት የነበረው ቅጽ የተከፈተው በዲሴምበር 2023 የመጨረሻ ቀናት ነው፤ ኮሌጆችም የተማሪዎቹን መረጃ መቀበል የጀመሩት በማርች 2024 ነው። በዚህ ምክንያት ቤተሰቦች ውጤቱን አይተው ለመንቀሳቀስ የነበራቸው ጊዜ በጣም አጭር ነበር።

ቤተሰቡ ቅጹን ራሱ አልሞላም። ታክስ ለሚሠራላቸው ሰው 150 ዶላር ከፍለው አስሞሉት። ሰውዬው ለልጅቷም ለእናትም አካውንት ሲከፍት የራሱን ኢሜይልና ስልክ ቁጥር አስገባ፤ ስለዚህ ከመንግሥት የሚላኩት መልእክቶች ወደ እሱ ሄዱ። በተጨማሪም የእናትን የጡረታ ቁጠባ ኢንቨስትመንት በሚለው ሣጥን ውስጥ ጻፈው። የጡረታ ቁጠባም ሆነ የሚኖሩበት ቤት ዋጋ በዚህ ቅጽ አይቆጠርም፤ በስህተት የገባ ግን ይቆጠራል።

ከዚህ ሁሉ ቀድሞ የእናት አካውንት ለሦስት ሳምንት አልረጋገጥም ብሎ ቆሟል። አካውንቱ የሚረጋገጠው ስም፣ የልደት ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት መዝገብ ጋር ሲገጥሙ ነው። እናት የተወለዱት ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በመጣው ጥቅምት ሲሆን፣ በእንዲህ ያለው ዓመት ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ቀን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲለወጥ በአንድ ቀን ይገፋል። አንዱ ሰነድ ይህን ጠብቆ፣ ሌላው ሳይጠብቅ ስለተተረጎመ ፓስፖርቱና የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገቡ በአንድ ቀን ተለያይተው ቆይተዋል። ለስድስት ዓመት ማንንም ያላስቸገረ ልዩነት እዚህ ላይ በር ዘጋ። መፍትሔው ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ይዞ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ በአካል ሄዶ መዝገቡን ማስተካከል ነበር፤ ይህንንም አደረጉ።

በጁን መጀመሪያ የኮሌጁ ደብዳቤ ደረሰ። የ2022 ገቢ ተሰልቶ፣ የቤተሰቡን የመክፈል አቅም የሚያመለክተውና ኤስኤአይ የሚባለው ቁጥር ከ9,000 በላይ ሆኖ ስለወጣ ፔል ግራንት አልተሰጣትም። በምትኩ 5,500 ዶላር ብድር ቀረበላት፤ ከዚህ ውስጥ 3,500ው ተማሪዋ በትምህርት ላይ እስካለች ድረስ ወለዱን መንግሥት የሚሸፍነው ነው። የኮሌጁ የዓመት ክፍያ 6,000 ዶላር ያህል ነበር።

ያልተነገረው

እናትና ልጅ ወደ እኛ የመጡት ብድሩን ለመቀበል የሚፈረምበትን ቦታ እንዳሳያቸው ነበር። እናት ደብዳቤውን ከቦርሳቸው ሲያወጡት አራት ቦታ ታጥፎ፣ እጥፋቱ ከመብዛቱ የተነሳ መስመሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቆ ነበር። ሳነበው በሁለት ሠራተኛ ወላጆች የተመዘገበ ገቢ ስላየሁ፣ እንደ ልማዴ «አሁንም ሁለታችሁም እየሠራችሁ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። እናት ልጃቸውን አዩ፤ ልጅቷ ወለሉን አየች። ከቆይታ በኋላ እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንድሜ፣ መኪናው ከቆመ ዘጠኝ ወር ሆኖታል። ይሄ ግን ለቢሮ የሚነገር ነገር አይደለም» አሉኝ።

ለቢሮ የሚነገረው ዋናው ነገር ያ ነበር። ፋፍሳ የሚጠይቀው ትምህርቱ ከሚጀመርበት ዓመት ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ያለውን ገቢ ነው፤ ስለዚህ ቅጹ ትክክል ሆኖ ሳለ የዛሬውን ቤት ላያሳይ ይችላል። ሕጉ ይህን ያውቃል። በ1965 በወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ መሠረት የኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ ድጋፍ) ኃላፊ ሥራ ማጣት፣ ሕመም፣ ከፍተኛ የሕክምና ወጪና የመሳሰለው በሰነድ ሲረጋገጥለት በቅጹ ላይ ያለውን የገቢ አሃዝ በግለሰቡ ሁኔታ ልክ ማስተካከል ይችላል። አሠራሩ ፕሮፌሽናል ጀጅመንት ይባላል። ኃላፊው ግን ያልተነገረውን ፈልጎ አያገኝም፤ በቅጹ ላይም «አባት ታመዋል ወይ?» የሚል ጥያቄ የለም።

የገቢ ለውጥ ጥያቄው

በመጀመሪያ አካውንቶቹን ወደ ባለቤቶቻቸው መለስን። ኢሜይሉና ስልኩ ተቀየረ፤ የጡረታ ቁጠባው ከኢንቨስትመንት ሣጥን ወጥቶ ቅጹ ታረመ። ቀጥሎ ልጅቷ ለኮሌጁ ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ሲሆን የሚናገረው ነርስ ለመሆን ስላላት ምኞትና ቤተሰቧ ስለከፈለላት መሥዋዕትነት ነበር። ከልብ የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል፤ ሆኖም አባት ሥራ ያቆሙበት ቀን አልተጠቀሰበትም፤ አንድም የገንዘብ አሃዝ የለበትም፤ ሕመሙም «የጤና ችግር» ተብሎ ታልፏል። በአሥር ቀን ውስጥ «ያልተሟላ» ተብሎ ተመለሰ። ሳይላክ በፊት አንብቤው ስለነበር ጥፋቱ የእኔም ነው፤ የቤተሰቡን መሳቀቅ አይቼ አልተጫንኳቸውም ነበር።

በዚሁ መካከል ማመልከቻው ለማጣራት መመረጡን ኮሌጁ አሳወቀ። ለማጣራት የተመረጠ ማመልከቻ ማጣራቱ ሳያልቅ የገቢ ለውጥ ጥያቄው አይታይም። እዚህ ላይ አንድ ያልጠበቅነው ጥያቄ መጣ፦ የእናትና የአባት የመጨረሻ ስም ስለሚለያይ ኮሌጁ በጋብቻ ላይ ስለመሆናቸው ማረጋገጫ ጠየቀ። በእኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም እንደማትቀይር፣ ልጅም የአባቱን መጠሪያ ስም እንደ መጨረሻ ስም እንደሚይዝ በአራት መስመር አስረድተን የተተረጎመውን የጋብቻ ምስክር ወረቀት አያያዝን፤ በዚያው ተዘጋ።

ሁለተኛው ደብዳቤ አንድ ገጽ ነበር። አባት ሥራ ያቆሙበትን ቀን፣ የቀዶ ሕክምናውን ቀን፣ እናት ሁለተኛውን ሥራ የለቀቁበትን ቀን፣ ከዚያም የ2022 ገቢንና የ2024 የሚጠበቀውን ገቢ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ከሥሩ የሐኪም ደብዳቤ፣ የተሳፋሪ መተግበሪያው የ2023 ዓመታዊ ማጠቃለያ፣ የእናት የመጨረሻ ሦስት የደመወዝ ወረቀቶች፣ ከለቀቁበት መሥሪያ ቤት የተጻፈ የስንብት ማረጋገጫና የ2023 የታክስ ትራንስክሪፕት (ከታክስ መሥሪያ ቤቱ የሚገኝ የታክስ ቅጽ ማጠቃለያ) ተያያዙ። የመተግበሪያው ማጠቃለያ ከሁሉም በላይ ተናጋሪ ነበር፤ እስከ ኦገስት በየወሩ የተሞላው ሰንጠረዥ ከሴፕቴምበር አጋማሽ በኋላ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያለ ይወርዳል። አባት ሐኪሙ ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት አመነቱ። በመጨረሻ የፈቀዱት ልጅቷ ብድር ከምትፈርም ይሻላል ብለው ነው።

ውሳኔው አምስት ሳምንት ወሰደ። የኮሌጁ የክፍያ ቀነ ገደብ ግን ከውሳኔው ቀድሞ ስለሚደርስ፣ ሳትከፍል ካለፈች ከተመዘገበችባቸው ኮርሶች ልትሰረዝ ትችል ነበር። ልጅቷ ወደ ክፍያ ቢሮ ሄዳ ጥያቄዋ በሂደት ላይ መሆኑን አሳይታ ክፍያውን በየወሩ የምትከፍልበት ስምምነት ፈረመች፤ የመጀመሪያውን ወር እናት ከዕቁብ ከደረሳቸው ገንዘብ ከፈሉ። በኦገስት መጨረሻ ጥያቄው ጸደቀ፤ በተስተካከለው ገቢ መሠረት ሙሉው 7,395 ዶላር ተሰጣት። ከሴሚስተሩ ድርሻ ክፍያው ከተቀነሰ በኋላ የተረፈው ወደ 700 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብም ሕጉ ባዘዘው 14 ቀን ውስጥ ለመጽሐፍ መግዣ ደረሳት። ብድሩ አልተፈረመም።

ድጋፉ የጠፋበት መንገድ

ቤተሰቡ ጉዳዩ ያለቀ መሰለው፤ እኔም ፋይሉን ዘጋሁት። ድጋፉ ግን በየዓመቱ አዲስ ማመልከቻ፣ በየሴሚስተሩ ደግሞ የትምህርት መስፈርት ይጠይቃል። መስፈርቱ ሳፕ ይባላል። ሁለት ነገር ይለካል፦ አማካይ ውጤትና ፍጥነት። ፍጥነት ማለት ከተመዘገቡበት ክሬዲት ውስጥ ያለፉበት ድርሻ ሲሆን አብዛኞቹ ኮሌጆች 67 በመቶ ይጠይቃሉ። ብዙ ተማሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ በመካከል የተቋረጠ ኮርስ አማካይ ውጤትን ባይነካም እንደተመዘገቡበት ተቆጥሮ እንዳላለፉት ይያዛል።

በ2024 መጸው ልጅቷ 13 ክሬዲት ወሰደች፦ ኬሚስትሪ 4፣ እንግሊዝኛ 3፣ ሒሳብ 3፣ ሳይኮሎጂ 3። ከዚህ ጎን ለጎን ለማንም ሳትናገር የአባቷን ገቢ ጉድለት ለመሙላት በሳምንት 28 ሰዓት በመጋዘን ሌሊት ትሠራ ነበር። ኬሚስትሪውን በኖቬምበር አቋረጠች፤ ሒሳቡን ወደቀች። ከ13ቱ ያለፈችው 6 ክሬዲት፣ ማለትም 46 በመቶ ነው። በጃንዋሪ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተላከላት። ማስጠንቀቂያ ላይ ያለ ተማሪ ለአንድ ሴሚስተር ድጋፉን ማግኘቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ በእጇ የነበረው አንድ ዕድል ነበር። ደብዳቤው የተላከው እሷ ወደማትከፍተው የኮሌጁ ኢሜይል ስለነበር ያነበበችው በማርች ነው።

በፌብሩዋሪ 2025 አባት ለሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ገቡ። ልጅቷ ሁሉንም ኮርሶች ጥላ ለመውጣት ወስና መጣች፤ በዚያን ጊዜ 15 ሳምንት ከሚፈጀው ሴሚስተር ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነበረች። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ በፊት ሙሉ በሙሉ የሚወጣ ተማሪ ድጋፉን ያገኘው በቆየበት ልክ ብቻ እንደሆነ ይቆጠራል። ሒሳቡን አብረን ሠራነው፦ 40 በመቶ ላይ ብትወጣ ኮሌጁ ወደ 1,800 ዶላር ለመንግሥት መልሶ ያንኑ ከእሷ ይጠይቃል። ይህን ስታይ ቆየች። የምትማራቸውን 12 ክሬዲት ይዛ ቀጠለች፤ 8ቱን አለፈች፤ እንደገና የወሰደችውን ኬሚስትሪ ግን ወደቀች። ድምሩ ከ25 ክሬዲት 14፣ ማለትም 56 በመቶ ሆነ። በጁን 2025 ድጋፉ ታገደ። እገዳው ግራንቱን ብቻ ሳይሆን የፌዴራል ብድርንም ይጨምራል።

በዚያው ዓመት ሌላ ስህተትም ነበር። የ2025–26ቱን ፋፍሳ የሞሉት በኤፕሪል ነው። ለፌዴራሉ ድጋፍ አልረፈደም ነበር፤ የግዛቱ ድጋፍ ግን የራሱ የሆነ ቀደም ያለ ቀነ ገደብ ስላለው አመለጣቸው። ያንን ገንዘብ በምንም መንገድ ማስመለስ አልተቻለም።

ይግባኙ

ልጅቷ የመጀመሪያውን ይግባኝ ብቻዋን ጽፋ አስገባች። የሚለው በአጭሩ «ጊዜዬን በአግባቡ አልተጠቀምኩም፤ ከእንግዲህ ጠንክሬ እማራለሁ» ነው። ትሕትናዋ ያደገችበት ነው፤ ጥፋትን ወደ ራስ መውሰድ ጨዋነት እንደሆነ ተምራ አድጋለች። ደንቡ ግን ለይግባኝ የሚቀበለው የተማሪውን ሕመም ወይም ጉዳት፣ የዘመድን ሞት ወይም ሌላ ልዩ ሁኔታን ሲሆን፣ ተማሪው ሁለት ነገር እንዲያስረዳ ይጠይቃል፦ መስፈርቱን ያላሟላው ለምን እንደሆነና ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ። ደብዳቤዋ ለሁለቱም መልስ አልነበረውም። ውድቅ ተደረገ፤ ኮሌጁ ግን አዲስ ሰነድ ካላት ደግማ ማቅረብ እንደምትችል ጻፈላት።

ቅዳሜ ዕለት ጠረጴዛው ላይ የአባቷን የሐኪም ቤት ቀጠሮ ወረቀቶች አንድ በአንድ ዘረጋናቸው። አጠገባቸው የእሷን የትምህርት ፕሮግራም አስቀመጥን። በሁለቱ ሴሚስተሮች ውስጥ ከነበሩት 14 ቀጠሮዎች 9ኙ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበሩ። የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ልጅቷ ራሷ ይህን ስታይ ደነገጠች፤ ለዘጠኝ ማክሰኞ አባቷን ደግፋ ሐኪም ቤት ስትመላለስ እንደነበር ታውቃለች፤ በጽሑፍ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ግን አላሰበችም። ኬሚስትሪ ያልገባት መስሏት «ጭንቅላቴ አልቀበል አለ» ትል ነበር።

ሁለተኛው ይግባኝ ያንን ሰንጠረዥ ይዞ ሄደ። ከሐኪም ቤቱ በሽተኛውን የምታደርሰው እሷ መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የመጋዘኑ የሥራ ሰዓት ዝርዝርና የተለወጠውን ነገር የሚያሳዩ ሰነዶች ተጨመሩ። የተለወጡት ነገሮች ሦስት ነበሩ። ታናሽ ወንድሟ መንጃ ፈቃድ ስላወጣ ቀጠሮውን ይረከባል። የመጋዘኑን ሌሊት ሥራ ትታ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት በፌዴራሉ የተማሪዎች ሥራ ፕሮግራም በሳምንት 12 ሰዓት ትሠራለች። በመጪው ሴሚስተር ደግሞ 9 ክሬዲት ብቻ ትወስዳለች። የትምህርት አማካሪዋም ይህንኑ እቅድ ፈርማ አያያዘችላት። በኦገስት 2025 ጸደቀ፤ ለአንድ ሴሚስተር በፕሮቤሽን፣ ማለትም ድጋፉን እያገኘች በክትትል ሥር ሆና እንድትማር ተፈቀደላት።

ስለ 9 ክሬዲቱ አንድ ነገር መባል አለበት። ፔል ግራንት በክሬዲቱ ልክ ስለሚከፈል ዘጠኝ ክሬዲት የሙሉውን 75 በመቶ፣ ማለትም ለሴሚስተሩ 2,773 ዶላር ያህል ነው የሚያስገኘው። እናት ይህ አልተዋጠላቸውም፤ «ለምን ገንዘቡን ታጎድላለች?» አሉ። እኔም በቀላሉ አልመለስኩላቸውም፤ ጥያቄው ተገቢ ነበር። ነገር ግን 12 ወስዳ አንዱን ብትጥል ሁሉንም ታጣለች፤ 9 ወስዳ ብታልፍ ድጋፉ ይተርፋል። ልጅቷ ሁለተኛውን መረጠች።

ያልሠራው

ቤተሰቡ ካቀረባቸው ምክንያቶች ሁለቱ ተቀባይነት አላገኙም። ሁለቱም በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ በተደጋጋሚ ስለሚነሱ እጠቅሳቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ዕቁብ ነው። ቅጹ የሚጠይቀው በተፈረመበት ቀን በባንክ ያለውን ገንዘብ ነው። የእናት የዕቁብ ዕጣ ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ሳምንት ወጥቶ 18,000 ዶላር በሂሳባቸው ላይ ተቀምጦ ነበር። ከዚህ አብዛኛው በቀሪዎቹ ዙሮች የሚከፈል ዕዳ መሆኑን ብናስረዳም ኮሌጁ በስማቸው ያለ ገንዘብ ነው ብሎ አልቀነሰውም፤ ቅጹ ከተፈረመ በኋላ ገንዘቡ ቢያልቅም ያ አሃዝ አይታረምም። ያን ዓመት ገቢው ራሱ ወደ ታች ተስተካክሎ ስለነበር በመጨረሻው ውሳኔ ላይ ለውጥ አላመጣም፤ በሌላ ቤት ግን ሊያመጣ ይችላል።

ሁለተኛው እናት በየወሩ ለእናታቸው ወደ አገር ቤት የሚልኩት 300 ዶላር ነው። ይህ ለእሳቸው እንደ ኪራይ የማይቀር ወጪ ነው። በቅጹ ላይ ግን መስመር የለውም፤ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ወላጅም በታክስ ላይ እንደ ጥገኛ ሊመዘገቡ አይችሉም። ኃላፊዋ በትሕትና አይሆንም አሉ። እናትን ከሁሉም በላይ ያሳዘናቸው ይህ መልስ ነበር፤ እኔም ሐዘናቸውን እጋራለሁ።

ለሌሎች ቤተሰቦች የሚሻገረው

ከዚህ ጉዳይ የወሰድኩት የመጀመሪያው ነገር እኔ ራሴ የምጠይቀውን ጥያቄ ይመለከታል። አሁን ቅጽ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ በቅጹ ላይ ያለውን ከመጠየቄ በፊት «ከዚያ ዓመት ወዲህ በቤታችሁ ምን ተለወጠ?» እላለሁ። ሰው ሕመምን፣ ፍቺን፣ ከሥራ መባረርን በራሱ አንስቶ አይናገርም፤ ሲጠየቅና ለምን እንደሚጠየቅ ሲነገረው ግን ይናገራል። ገመናን መጠበቅ የሚከበር ነገር ስለሆነ «አትፈሩ» ማለት አይበቃም። ደብዳቤውን ማን እንደሚያነበው፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ከቢሮው እንደማይወጣ አንድ በአንድ ማስረዳት ያስፈልጋል። አባት ለሐኪማቸው ለመናገር የፈቀዱት ይህ ከተብራራላቸው በኋላ ነው።

የገቢ ለውጥ ጥያቄ ከዓመት ወደ ዓመት አይተላለፍም። ለ2025–26 የተጠየቀው የ2023 ገቢ ስለነበር፣ በዚያ ዓመት ደግሞ አባት እስከ ሴፕቴምበር ሠርተው ስለነበር፣ ጥያቄውን እንደ አዲስ ማቅረብ አስፈልጓል። ሰነዶቹ በአንድ ማኅደር ስለተቀመጡ ግን በሁለት ሳምንት አለቀ። የደመወዝ ወረቀትን፣ የቀጠሮ ወረቀትንና የስንብት ደብዳቤን በመጡበት ቀን ማስቀመጥ፣ ችግሩ ካለፈ በኋላ ከየመሥሪያ ቤቱ ከመለመን እጅግ ይቀላል።

አካውንቱን ማንም ይርዳችሁ፣ ኢሜይሉና ስልኩ የራሳችሁ ይሁን። ቅጹ ነጻ ነው። የቤተሰቡ አባላት ስምና የልደት ቀን በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ መሆኑን ልጁ ከሁለተኛ ደረጃ ከመጨረሱ ከአንድ ዓመት በፊት ማየት ይበጃል። የኮሌጁን ኢሜይል ደግሞ ተማሪው በስልኩ ላይ ይክፈተው፤ በዚህ ጉዳይ ሁለት ወር ያስባከነው ያልተከፈተ አንድ ደብዳቤ ነው።

ኮርስ ከማቋረጥ በፊት ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ መጠየቅ የግድ ነው። የትምህርት አማካሪው ማቋረጥ ለአማካይ ውጤት ይሻላል ቢል በራሱ በኩል እውነቱን ነው፤ የድጋፉ ሒሳብ ግን በሌላ ቢሮ የሚሠራ ሌላ ሒሳብ ነው።

ልጅቷ በ2025 መጸው የወሰደቻቸውን 9 ክሬዲቶች ኬሚስትሪን ጨምሮ በሙሉ አለፈች። ድምሩ ከ34 ክሬዲት 23፣ ማለትም 67.6 በመቶ በመሆኑ ከፕሮቤሽን ወጣች። የ2026–27ቱን ፋፍሳ በኦክቶበር ከእናቷ ጋር ሞልተዋል፤ ይህ ቅጽ የ2024ን ገቢ ስለሚጠይቅ ያለ ተጨማሪ ደብዳቤ የቤቱን እውነት ያሳያል። የቀራት ጥንቃቄ አንድ ነው። ትምህርቷ 60 ክሬዲት ስለሆነና ድጋፉ ከዚህ አንድ ጊዜ ተኩል፣ ማለትም 90 ክሬዲት እስክትመዘገብ ድረስ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ለመጨረስ የሚቀሯትን 37 ክሬዲቶች በቀሩት 56 ውስጥ ማለፍ ይኖርባታል። ቁጥሩን በእጅ ጽፋ ከጥናት ጠረጴዛዋ በላይ ለጥፋዋለች፤ በየሴሚስተሩ መጨረሻ እየሰረዘች ታድሰዋለች።